ሥሩን ከሥሩ ጻፉ፦ ልዩ ፖሊኖሚያሎችን ፋክተራይዝ ማድረጊያ መመሪያ

የጎረቤቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ነው። ፈተና ሲደርስበት ደብተሩን ይዞ መጣ። ፋክተራይዝ ማድረጊያ የሆኑትን አምስት ፎርሙላዎች ጠየቅኩት፣ አንዱንም ሳይስት በቃሉ ወረደው። ከዚያ 12ቀ³ − 27ቀ ብዬ ጻፍኩለት። ትንሽ አየውና «ይሄ የየትኛው ፎርሙላ ነው?» አለኝ።

ፎርሙላውን ያውቀዋል። ጥያቄ ውስጥ ሲገባ ግን መልኩን አይለየውም። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ነው የሚጣበቀው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ፎርሙላ ከማስያዝ ይልቅ መልክ መለየት ላይ ጊዜ ይወስዳል። እርሳስና ባዶ ወረቀት ይዛችሁ አንብቡት። ዓይን ብቻውን ሒሳብ አይሠራም።

ስለ ፊደሎቹ አንድ ነገር ልበል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ደብተራችሁ ላይ የምትጽፉት ኤክስና ዋይ ነው። እዚህ በኤክስ ቦታ ቀ፣ በዋይ ቦታ ሸ እጽፋለሁ። ፎርሙላ ላይ ደግሞ ሀ እና ለ። በአማርኛው የሒሳብ መጽሐፍ ዳግም ዘር የተባለውን፣ ሃይስኩል ላይ ስኩዌር ሩት የምትሉትን፣ በአጭሩ ሥር እለዋለሁ።

ፋክተራይዝ ማድረግ ምንድን ነው?

ማባዛትን ወደ ኋላ መመለስ ነው። (ቀ − 3)(ቀ + 3) ሲባዛ ቀ² − 9 ይሆናል። አሁን ቀ² − 9 ተሰጥቷችሁ ሁለቱን ቅንፎች መልሳችሁ አግኙ ስትባሉ፣ ያ ነው ፋክተራይዝ ማድረግ። ጥቅሙ እኩልታ ስትፈቱ ይታያል። የሁለት ነገሮች ብዜት ዜሮ ከሆነ፣ ቢያንስ አንዳቸው ዜሮ ናቸው። ስለዚህ ቀ² − 9 = 0 ከሆነ ቀ ወይ 3 ነው፣ ወይ −3 ነው። ሌላ ድካም የለም።

በቃል መያዝ ያለባችሁ ነገር አለ፤ እሱም ቁጥሮቹ ናቸው። ከ1 እስከ 15 ያሉትን ስኩዌሮች፣ ማለትም እያንዳንዱ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚሰጠውን፣ ያዙ፦ 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25፣ 36፣ 49፣ 64፣ 81፣ 100፣ 121፣ 144፣ 169፣ 196፣ 225። ኪዩቦቹን ደግሞ (2 × 2 × 2 = 8 እንደሚሆነው) እስከ 6፦ 1፣ 8፣ 27፣ 64፣ 125፣ 216። 169ን ያየ ሰው ወዲያው 13 ካልመጣለት፣ ጥያቄው ልዩ መልክ እንዳለው እንኳን አይጠረጥርም። ሁለት ቀን ብትሰጡት ይያዛል።

አንደኛ፦ የጋራውን አውጡ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ፎርሙላ ከመፈለጋችሁ በፊት በሁሉም ተርሞች (በፕላስና በማይነስ በተለያዩት ቁራጮች) ውስጥ ያለውን ትልቁን የጋራ አካፋይ ከቅንፍ ውጭ አውጡ።

የጎረቤቴን ልጅ ጥያቄ እንይ። 12ቀ³ − 27ቀ። 12 የማንም ስኩዌር አይደለም። 27ም አይደለም። እንዳለ ካያችሁት ምንም መልክ የለውም። ግን 3ቀ የሁለቱም የጋራ ነው።

12ቀ³ − 27ቀ = 3ቀ(4ቀ² − 9)

አሁን ቅንፉ ውስጥ ተመልከቱ። 4ቀ² የ2ቀ ስኩዌር ነው። 9 የ3 ነው። መልኩ ወጣ።

= 3ቀ(2ቀ − 3)(2ቀ + 3)

ያወጣችሁትን 3ቀ እስከ መጨረሻው ይዛችሁ ሂዱ። በመሀል ጥላችሁት ከሄዳችሁ ሥራው ሁሉ ልክ ሆኖ መልሱ ስህተት ይሆናል። እኔ ሳስጠና በብዛት የማየው ስህተት ይሄ ነው።

መጀመሪያው ተርም ማይነስ ከሆነም −1ን አብራችሁ አውጡ። ለምሳሌ −ቀ² + 14ቀ − 49 ሲታይ ግራ ያጋባል። −(ቀ² − 14ቀ + 49) ሲሆን ግን መልኩ ይጠራል። መልሱ −(ቀ − 7)² ነው።

ሁለተኛ፦ ተርሞቹን ቁጠሩ

ሁለት ከሆኑ የስኩዌሮች ልዩነት ነው ወይስ ኪዩቦች ናቸው ብላችሁ ጠይቁ። ሦስት ከሆኑ የአንድ ቅንፍ ስኩዌር ሊሆን ይችላል። አራት ከሆኑ መቧደን ይኖራል። ይህ ቆጠራ አምስት ሰከንድ አይፈጅም፤ ፍለጋውን ግን በብዙ ያቀለዋል።

ሁለት ተርም፣ በመሀል ማይነስ፦ የስኩዌሮች ልዩነት

በፈተና ላይ ዲፈረንስ ኦፍ ቱ ስኩዌርስ የሚባለው ነው።

ሀ² − ለ² = (ሀ − ለ)(ሀ + ለ)

ለምን እንደሚሆን በእጃችሁ ማየት ትችላላችሁ። ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ወረቀት ቁረጡ። ከአንዱ ጥግ ጎኑ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ካሬ ቆርጣችሁ አውጡ። የቀረው ስፋት 100 − 9 = 91 ነው። ቅርጹ ግን ጥጉ የጎደለ ነው። አሁን አንድ ጊዜ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡት። 10 በ7 የሆነ አንድ ቁራጭ፣ 7 በ3 የሆነ ሌላ ቁራጭ ታገኛላችሁ። ትንሹን አዙራችሁ 7 የሆነውን ጎን ከ7 ጋር ግጠሙት። ሙሉ አራት ማዕዘን ይሆናል፤ 13 በ7። 13 × 7 = 91። 13 ማለት 10 + 3 ነው። 7 ማለት 10 − 3። ፎርሙላው ይሄው ነው። አንድ ጊዜ በመቀስ የሠራ ተማሪ አይረሳውም።

ለጭንቅላት ሒሳብም ይጠቅማል። አንዱ 52 ብር የሆነ 48 ደብተር ስንት ነው? 48 × 52 ማለት (50 − 2)(50 + 2) ነው። ስለዚህ 2500 − 4 = 2496 ብር። ካልኩሌተር አላስፈለገም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የእያንዳንዱን ተርም ሥር ከተርሙ ሥር ጻፉት። በቃል አትያዙት፣ ወረቀቱ ላይ ይውረድ።

49ቀ² − 64ሸ²
ሥራቸው፦ 7ቀ እና 8ሸ
መልሱ፦ (7ቀ − 8ሸ)(7ቀ + 8ሸ)

ኤክስፖነንቱ፣ ከፊደሉ በላይ የምትጻፈው ትንሿ ቁጥር፣ ከፍ ሲል ተጠንቀቁ። የቀ¹⁶ ሥር ቀ⁸ ነው፣ ቀ⁴ አይደለም። የ16 ሥር 4 ስለሆነ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። ኤክስፖነንት ላይ የምታደርጉት ለሁለት ማካፈል ብቻ ነው። ኤክስፖነንቱ ሙሉ ቁጥር ሆኖ ለሁለት ከተካፈለ፣ ፊደሉ ስኩዌር ነው።

መልሳችሁ ውስጥ ሌላ የስኩዌሮች ልዩነት ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ይህን ተመልከቱ።

16ቀ⁴ − 81 = (4ቀ² − 9)(4ቀ² + 9)

ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። ግን የመጀመሪያው ቅንፍ ራሱ ገና ይከፈላል።

= (2ቀ − 3)(2ቀ + 3)(4ቀ² + 9)

ስለዚህ አንድ መልስ ባገኛችሁ ቁጥር እያንዳንዱን ቅንፍ እንደ አዲስ ጥያቄ እዩት።

ከስኩዌሮቹ አንዱ ራሱ ቅንፍ ሊሆንም ይችላል። (ቀ + 5)² − 36 ቢሰጣችሁ ቅንፉን ለመበተን አትቸኩሉ። ሥሮቹ (ቀ + 5) እና 6 ናቸው።

(ቀ + 5 − 6)(ቀ + 5 + 6) = (ቀ − 1)(ቀ + 11)

በመሀል ፕላስ ሲሆንስ?

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ስንት ማርክ የሚጠፋው በዚህ ነውና። ቀ² + 9 ሲሰጣቸው (ቀ + 3)² ብለው የሚጽፉ በጣም ብዙ ናቸው። አንድ ቁጥር አስገብታችሁ ፈትሹት። ቀ = 1 ብንል ቀ² + 9 የሚሰጠው 10 ነው። (1 + 3)² ግን 16 ነው። አይገናኙም። የጎደለው የመሀሉ 6ቀ ነው።

እንግዲያው ቀ² + 9 በምን ይከፈላል? በምናውቃቸው ሪል ቁጥሮች አይከፈልም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀ ያለበት አንድ ቅንፍ፣ ለምሳሌ (ቀ − 5) ዓይነት፣ ቢኖረው ኖሮ ያንን ቅንፍ ዜሮ የሚያደርግ ቁጥር ይኖር ነበር። ያ ቁጥር ቀ² + 9ንም ዜሮ ያደርገዋል። ግን የማንም ሪል ቁጥር ስኩዌር ማይነስ አይሆንም። ላዩ ላይ 9 ስትጨምሩ ደግሞ ሁልጊዜ 9 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ዜሮ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ «አይከፈልም» ብላችሁ ስትጽፉ ሙሉ መልስ ነው የጻፋችሁት። የጋራ አካፋይ ካለ ግን ይወጣል፤ 4ቀ² + 36 ለምሳሌ 4(ቀ² + 9) ነው።

ሦስት ተርም፦ የአንድ ቅንፍ ስኩዌር

ስሙ ፐርፌክት ስኩዌር ትራይኖሚያል ነው።

ሀ² + 2ሀለ + ለ² = (ሀ + ለ)²
ሀ² − 2ሀለ + ለ² = (ሀ − ለ)²

ሦስት ጥያቄ በቅደም ተከተል ጠይቁ። የመጀመሪያው ተርም ስኩዌር ነው? የመጨረሻው ተርም ስኩዌር ነው፣ ምልክቱስ ፕላስ ነው? የሁለቱ ሥሮች ብዜት በ2 ሲባዛ የመሀሉን ይሰጣል? ሦስቱም አዎ ካሉ ሥራው አለቀ።

9ቀ² − 30ቀ + 25
ሥራቸው፦ 3ቀ እና 5
ፍተሻ፦ 2 × 3ቀ × 5 = 30ቀ
መልሱ፦ (3ቀ − 5)²

የቅንፉ ምልክት ከመሀሉ ተርም ነው የሚመጣው። መሀሉ ማይነስ ስለሆነ ቅንፉም ማይነስ ሆነ።

ሦስተኛው ጥያቄ ዋናው ነው፤ መምህራን ማጥመጃ የሚያስቀምጡት እሱ ላይ ነው። 4ቀ² + 20ቀ + 9ን እዩ። ጫፎቹ ሁለቱም ስኩዌር ናቸው። ሥራቸው 2ቀ እና 3። ግን 2 × 2ቀ × 3 = 12ቀ ነው። መሀሉ 20ቀ ነው። ስለዚህ (2ቀ + 3)² ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። ታዲያ አይከፈልም ማለት ነው? አይደለም። በተራው መንገድ ሞክሩት። ብዜታቸው 4 × 9 = 36፣ ድምራቸው 20 የሆኑ ሁለት ቁጥሮች 18 እና 2 ናቸው። 20ቀን 18ቀ + 2ቀ ብላችሁ ስትከፍሉት 2ቀ(2ቀ + 9) + 1(2ቀ + 9)፣ ማለትም (2ቀ + 1)(2ቀ + 9) ይሆናል። ልዩ መልክ አለመሆኑ ፋክተር የለውም ማለት አይደለም።

ቀ² + 12ቀ − 36 ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይወድቃል። 36 ስኩዌር ነው፣ ምልክቱ ግን ማይነስ ነው።

የጋራ ማውጣትና ይሄ ሲገናኙ ደስ ይላል።

18ቀ³ + 24ቀ²ሸ + 8ቀሸ² = 2ቀ(9ቀ² + 12ቀሸ + 4ሸ²) = 2ቀ(3ቀ + 2ሸ)²

ይህ መልክ በጣም የቆየ ነው። በ820 ዓመተ ምሕረት አካባቢ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የሒሳብ ሊቁ አል ኸዋሪዝሚ ባግዳድ ውስጥ ስለ እኩልታዎች መጽሐፍ ጻፈ። አልጀብራ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ መጽሐፍ ርእስ ውስጥ ካለው አል ጀብር ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። ያኔ የዛሬው ምልክት አልነበረም። ሁሉንም በቃላት ነበር የሚጽፈው፣ ማስረጃውንም ካሬ እየሣለ ነበር የሚያሳየው። ከጥያቄዎቹ አንዱ በእኛ አጻጻፍ ቀ² + 10ቀ = 39 ነው። እሱ ያደረገው በሁለቱም ጎን 25 መጨመር ነው። ግራው (ቀ + 5)² ሆነ፣ ቀኙ 64 ሆነ። ቀ + 5 = 8፤ ቀ = 3።

እኛ እስካሁን በያዝነው መሣሪያ ስናየው የበለጠ ይገርማል።

ቀ² + 10ቀ − 39 = (ቀ² + 10ቀ + 25) − 64 = (ቀ + 5)² − 8² = (ቀ − 3)(ቀ + 13)

ሁለቱ ፎርሙላዎች አንድ ላይ ሠሩ። ቀ −13 ሊሆን እንደሚችልም አሳየን። አል ኸዋሪዝሚ የሚቀበለው ከዜሮ በላይ የሆነውን መልስ ብቻ ነበር። እሱ የሚያስበው በጎን ርዝመት ነው፤ ከዜሮ በታች የሆነ ርዝመት ደግሞ የለም።

ሁለት ኪዩቦች

ሀ³ + ለ³ = (ሀ + ለ)(ሀ² − ሀለ + ለ²)
ሀ³ − ለ³ = (ሀ − ለ)(ሀ² + ሀለ + ለ²)

ከስኩዌሮች በተለየ እዚህ ፕላሱም ማይነሱም ይከፈላል። ተማሪን የሚያስቸግረው ምልክቱ ነው። እኔ የማስይዘው በሦስት ቃል ነው፦ «ያው፣ ተቃራኒ፣ ሁሌ ፕላስ»። የመጀመሪያው ቅንፍ ምልክት ከጥያቄው ጋር ያው ነው። የሁለተኛው ቅንፍ የመጀመሪያ ምልክት ተቃራኒ ነው። የመጨረሻው ሁሌ ፕላስ ነው።

8ቀ³ + 125
ሥራቸው፣ አሁን ሣልስ ዘር (ኪዩብ ሩት)፦ 2ቀ እና 5
አጭሩ ቅንፍ፦ (2ቀ + 5)
ረጅሙ ቅንፍ፦ የመጀመሪያው ስኩዌር 4ቀ²፣ የሁለቱ ብዜት 10ቀ፣ የሁለተኛው ስኩዌር 25
መልሱ፦ (2ቀ + 5)(4ቀ² − 10ቀ + 25)

ሁለት ስህተት ይበዛል። አንዱ በመሀል 20ቀ መጻፍ ነው። እዚህ በ2 ማባዛት የለም፤ ያ የሌላው ፎርሙላ ነው። ሁለተኛው በ4ቀ² ፋንታ 2ቀ² መጻፍ ነው። ስኩዌር ስታደርጉ ቁጥሩም አብሮ ስኩዌር ይሆናል። ረጅሙን ቅንፍ ደግሞ ደግሜ ልክፈለው ብላችሁ ጊዜ አታጥፉ። ሥሮቹ እዚህ እንዳሉት 2ቀ እና 5 ዓይነት ቀላል ሲሆኑ፣ ከዚያ በላይ አይከፈልም።

ቁጥሩ ስኩዌርም ኪዩብም ሲሆን ከየት እንጀምር? ቀ⁶ − 64 እንዲህ ያለ ነው። ከስኩዌሩ ጀምሩ።

ቀ⁶ − 64 = (ቀ³ − 8)(ቀ³ + 8) = (ቀ − 2)(ቀ² + 2ቀ + 4)(ቀ + 2)(ቀ² − 2ቀ + 4)

ከኪዩብ ብትጀምሩ (ቀ² − 4)(ቀ⁴ + 4ቀ² + 16) ላይ ትደርሳላችሁ። ስህተት አይደለም። ግን ሁለተኛው ቅንፍ ገና የሚከፈል መሆኑ በዓይን አይታይም።

አራት ተርም ሲሆን

ሁለት ለሁለት ወይም ሦስት ለአንድ ይቧደናል።

ቀ³ − 3ቀ² − 4ቀ + 12 = ቀ²(ቀ − 3) − 4(ቀ − 3) = (ቀ − 3)(ቀ² − 4) = (ቀ − 3)(ቀ − 2)(ቀ + 2)

ቀ² + 6ቀ + 9 − ሸ² = (ቀ + 3)² − ሸ² = (ቀ + 3 − ሸ)(ቀ + 3 + ሸ)

ለሚወዱት አንድ ተጨማሪ

ቀ⁴ + 4 ይከፈላል? የስኩዌሮች ድምር ነው፣ ስለዚህ አይከፈልም የሚል ይበዛል። ሶፊ ዠርሜይን የምትባል ፈረንሳዊት የሒሳብ ሊቅ ነበረች፤ ከ1776 እስከ 1831 የኖረች። በዘመኗ ፓሪስ የሚገኘው ኤኮል ፖሊቴክኒክ ሴት አይቀበልም ነበር። የትምህርቱን ማስታወሻ እያገኘች፣ ሥራዋን በወንድ ስም እያስገባች ተማረች። ይህን ዓይነቱን የምንከፍልበት መንገድ ዛሬ በስሟ ይጠራል። ዘዴው 4ቀ² ጨምሮ ወዲያው መልሶ መቀነስ ነው።

ቀ⁴ + 4 = (ቀ⁴ + 4ቀ² + 4) − 4ቀ² = (ቀ² + 2)² − (2ቀ)² = (ቀ² − 2ቀ + 2)(ቀ² + 2ቀ + 2)

ቀ = 10 አድርጉና እዩት። 10004 = 82 × 122። በእጅ አባዙት፣ ልክ ነው።

መልሳችሁን ፈትሹ

ቅንፎቹን መልሶ ማባዛት እርግጠኛው መንገድ ነው። ጊዜ ከሌለ ግን ቁጥር አስገቡ። ዜሮን ተዉት፣ ብዙ ስህተት ይደብቃል። እኔ 10ን እመርጣለሁ፤ ለማስላት ይቀላል። የቅድሙን 8ቀ³ + 125 እንፈትሽ። ጥያቄው 8000 + 125 = 8125 ይሰጣል። መልሱ 25 × (400 − 100 + 25) = 25 × 325 = 8125። ገጠመ። በመሀል 20ቀ ብንጽፍ ኖሮ 25 × 225 = 5625 ይሆን ነበር። ስህተቱ ወዲያው ታየ። አንድ ቁጥር መግጠሙ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፣ ካልገጠመ ግን መልሱ ስህተት ለመሆኑ አያጠራጥርም።

ሞክሯቸው

መልሱን ወረቀት ሸፍኑበትና ሥሩት።

1. 5ቀ² − 180
2. 49ቀ² + 28ቀ + 4
3. 81 − ቀ⁴
4. 27ቀ³ − 64ሸ³
5. 9ቀ² + 15ቀ + 4
6. 2ቀ⁴ + 16ቀ
7. ቀ⁴ − 18ቀ² + 81

መልሶች፦

1. 5(ቀ − 6)(ቀ + 6)
2. (7ቀ + 2)²
3. (3 − ቀ)(3 + ቀ)(9 + ቀ²)
4. (3ቀ − 4ሸ)(9ቀ² + 12ቀሸ + 16ሸ²)
5. (3ቀ + 1)(3ቀ + 4)። ልዩ መልክ አይደለም፤ መሀሉ 12ቀ መሆን ነበረበት።
6. 2ቀ(ቀ + 2)(ቀ² − 2ቀ + 4)
7. (ቀ − 3)²(ቀ + 3)²። (ቀ² − 9)² ላይ ካቆማችሁ አንድ ደረጃ ይቀራችኋል።